የጎረቤት ሐቅ በድሬዳዋ ዳርቻ

መልካ ጀብዱ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። የስታቲስቲክስ መዛግብት ለብዙ ጊዜ ከድሬዳዋ ለይተው ለብቻዋ ሲጠቅሷት ኖረዋል፤ በመካከላቸው ባዶ ሜዳ ነበረና። ያ ሜዳ አሁን በቤት እየተሸፈነ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ጣቢያውን ያደረገው ከመሀል ከተማው ወጣ ብሎ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩም በመልካ ጀብዱ በኩል ተተከለ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጣና ይፋ ሆነ። ሥራ ወዳለበት ቤት ይከተላል፤ ቤት ወዳለበትም ባጃጅ፣ ሱቅ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ይከተላሉ።

ትንሽ ከተማ የትልቅ ከተማ ማደሪያ ስትሆን የመንገድ፣ የመብራትና የቧንቧ ጥያቄ ይነሳል። ከእነዚህ ሥር ግን በዕድሜ የሚበልጥ ሌላ ጥያቄ አለ። ሁለት ሰፈሮች ግንባቸው ስለተነካካ አንድ ከተማ ይሆናሉ? አጥር ብቻ የሚያገናኛቸው፣ ጠዋት ወጥተው ማታ የሚገቡ ሰዎችስ አንዱ በሌላው ላይ ምን ሐቅ አለው? ይህን ጥያቄ የሃይማኖት ሊቃውንትም ፈላስፎችም መርምረውታል። ድሬዳዋ ደግሞ ጥያቄው ከመጽሐፍ ወጥቶ መሬት የነካበት ከተማ ነው።

ድሬዳዋ ራሷ በባቡር ምክንያት የተወለደች ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልተቻለው በ1895 ዓ.ም. እግረ ተራራው ላይ ቆመ፤ እዚያው ላይ የተቆረቆረው ሰፈር መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ይባል ነበር። የባቡር ኩባንያው ሰዎች ከደቻቱ ወንዝ በአንዱ በኩል ከዚራ የተባለውን ሰፈር ቀጥ ባሉ ጎዳናዎችና በጥላ ዛፎች ቀየሱ። በሌላው በኩል መጋላ በራሷ መንገድ አደገች፤ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አደሬው፣ ዓረቡና ሕንዱ ሱቁን ከሱቅ ቤቱን ከቤት አስጠግቶ ኖረባት። ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መልኩ ደረቅ ሆኖ የሚከርመው የደቻቱ አሸዋ ሁለቱን የሚለይ ድንበርም መሻገሪያም ነበር። ከጊዜ በኋላ የተስፋፋው የሳቢያን ሰፈር የከተማውን አካል ወደ ሜዳው ዘረጋው። መልካ ጀብዱ እንግዲህ የዚህ ረጅም መዘርጋት የመጨረሻዋ ምዕራፍ ናት፤ የመጀመሪያው ባቡር ከተማዋን ወለደ፣ ሁለተኛው ባቡር ዳርቻዋን ከተማ እያደረገ ነው።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ነዋሪዎች 341,834 ነበሩ፤ ከነዚህ 233,224ቱ ከተሜዎች ናቸው። ከጠቅላላው ሕዝብ 70.9 በመቶው ሙስሊም፣ 25.7 በመቶው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ነበር። የዳርቻውን ጥያቄ ከዚህ እውነታ ነጥሎ ማየት አይቻልም። አንድ አዲስ ሰፈር ሲሞላ አብረው የሚሰፍሩት ሁለት የጉርብትና ትምህርቶች ናቸውና።

ከተማ የት እንደሚያልቅ ማወቅ ለአንድ ሙስሊም የአምልኮ ጉዳይ ነው። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ባለ አራት ረከዓውን ሶላት ወደ ሁለት ማሳጠር የሚጀምረው ቤቱን ለቆ ሲወጣ አይደለም፤ የከተማውን የመጨረሻ ግንባታ ሲያልፍ ነው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የሚበዛው የሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ ትምህርት) ይህን በዝርዝር አስቀምጦታል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የደማስቆ ሊቅ በነበሩት በኢማም አን-ነወዊ አገላለጽ፣ በመካከላቸው ክፍት የሌለባቸው ሁለት መንደሮች እንደ አንድ ከተማ ሁለት ሰፈሮች ይቆጠራሉ፤ ተጓዡም ሁለቱንም ማለፍ አለበት። በዚህ ሚዛን ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ ረጅም መንገድ የሚጓዝ ሰው ትናንት ከሳቢያን ማዶ ሜዳው ላይ ሲደርስ መንገደኛ ይሆን ነበር፤ ሜዳው በቤት ሲሞላ ግን መልካ ጀብዱን ሳያልፍ ገና በአገሩ ውስጥ ነው። የከተማ ፕላን ባለሙያ በካርታ ላይ የሚያሰፍረውን መስመር ሰጋጁ በእግሩ ያውቀዋል።

ይኸው መዝሀብ ሌላ መስፈርትም አለው፤ ለዚህ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመውም እሱ ነው። የጁምዓ ሶላት በአንድ ቦታ እንዲቆም ቢያንስ 40 ወንዶች ያስፈልጋሉ። ቁጥሩ ብቻ አይበቃም፤ እነዚህ ሰዎች በዚያ ቦታ የተቀመጡ፣ ለጉዳይ ካልሆነ በስተቀር ከዚያ የማይለቁ መሆን አለባቸው። እንግዳና አላፊ አግዳሚ ቢሰግድም በአርባዎቹ ውስጥ አይቆጠርም። እንግዲህ ሊቃውንቱ የቆጠሩት በመሰብሰቢያው ውስጥ ያለውን ሰው ሳይሆን ነዋሪውን ነው። ቤት ሺህ ሊሆን ይችላል፤ ሰፈር የሚሆነው ግን ቦታዬ ብሎ የጸና ሰው ሲኖርበት ነው። ማንኛውንም አዲስ የመኖሪያ መንደር ለመመዘን ከዚህ የተሻለ መለኪያ በዘመናዊዎቹ የፕላን ሰነዶች ውስጥ ማግኘት ይከብዳል።

አርስቶትል ከዚህ ብዙም ወዳልራቀ ሐሳብ በሌላ በር ገብቷል። «ፖለቲካ» በሚባለው ሥራው የቆሮንቶስንና የሜጋራን ቅጥር እስኪነካካ ድረስ ቢያቀራርቡት እንኳ አንድ ከተማ አይሆኑም ይላል። አብሮ መነገድም፣ መጋባትም፣ አንዱ ሌላውን እንዳይበድል መስማማትም ለእርሱ በቂ አይደለም፤ እነዚህ ለከተማ ቅድመ ሁኔታ ናቸው እንጂ ከተማ አይደሉም። ከተማን ከተማ የሚያደርገው ሰዎቹ ደኅና ኑሮን የጋራ ጉዳያቸው ማድረጋቸው ነው። ከነወዊ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው። ለፈቂሁ፣ ማለትም ለእስልምና ሕግ ሊቁ፣ የግንብ መገናኘት ሁለቱን መንደሮች አንድ ያደርጋል፤ ለፈላስፋው አያደርግም። ሆኖም ፈቂሁ የሚናገረው ስለ መንገደኛው ነው፣ ፈላስፋው ደግሞ ስለ ነዋሪው፤ ስለ ነዋሪው ሲሆን ፈቂሁም ከግንብ አልፎ የጸኑትን አርባ ሰዎች ይጠይቃል።

ጎረቤት ማን ነው በሚለው ላይ ሁለቱ ሃይማኖቶች የሚነሱት ከተለያየ ቦታ ነው። ቁርኣን በአን-ኒሳእ ምዕራፍ መልካም ሊደረግላቸው የሚገቡትን ሲዘረዝር ከወላጅ፣ ከዘመድ፣ ከየቲምና ከምስኪን ቀጥሎ የቅርቡንም የሩቁንም ጎረቤት ይጠራል። ጉርብትና የት ድረስ እንደሚሄድ ሲጠየቁ፣ ከፊት አርባ፣ ከኋላ አርባ፣ ከቀኝ አርባ፣ ከግራ አርባ ቤት ብለው መለሱ የሚባሉት የጥንቱ ሙስሊም ሊቅ ሐሰን አል-በስሪ ናቸው። በዚህ አቆጣጠር ሐቁ የሚመጣው ከትውውቅ በፊት ነው። ሰውየው ትናንት ማታ ዕቃውን አራግፎ የገባ ቢሆን፣ ስሙ ባይታወቅ፣ ሃይማኖቱ ቢለይ፣ ቤቱ ከአርባዎቹ አንዱ እስከሆነ ድረስ ሐቅ አለው። በወንጌል ደግሞ ባልንጀራው ማን እንደሆነ ለጠየቀው ሕግ አዋቂ ኢየሱስ የሳምራዊውን ታሪክ ነግሮት ጥያቄውን ገለበጠበት፤ ከሦስቱ መንገደኞች ለቆሰለው ሰው ባልንጀራ ሆኖ የተገኘው የትኛው ነው አለው። እዚህ ላይ የሚለካው ርቀት አይደለም፣ አድራጎት ነው። ሳምራዊው የዚያ መንደር ሰው እንኳ አልነበረም።

አንዳንድ ጸሐፊዎች እነዚህን ሁለቱን እንደ ተቃራኒ ያቀርቧቸዋል፤ አንዱን የቦታ፣ ሌላውን የልብ ጉርብትና ይሏቸዋል። ለዳርቻ ሰፈር ግን ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የአድራጎቱ መስፈርት ብቻውን ቢቀር ሰው የሚረዳውን ይመርጣል፤ ደጉን፣ የሚመስለውን፣ ቋንቋውን የሚናገረውን ያቀርባል፣ በግድግዳ የሚጎራበተውን ይረሳል። የአርባ ቤቱ መስፈርት ምርጫውን ከእጁ ይወስድበታል። በሌላ በኩል የቦታው መስፈርት ብቻውን ቢቀር ከአርባ አንደኛው ቤት የሚመጣ ጩኸት ሰሚ ያጣል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው አባባልም ቢሆን እውነት የሚሆነው የቅርቡ ሰው ቤት ሲገኝ ነው፤ የማደሪያ ሰፈር ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

የመጋላን አንድ ምሽት ማየት ነገሩን ያቀርበዋል። የድሬዳዋ ሙቀት ቀን ቀን ሰውን ከቤት ያስቀራል፣ ሱቅም ያዘጋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን በራፉ ላይ ውሃ ይረጫል፣ አቧራው ይበርዳል፣ ምንጣፍ ይነጠፋል። ትልልቆቹ ሻይና ጫታቸውን ይዘው ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጣሉ፤ ልጆች ከአንዱ ምንጣፍ ወደ ሌላው ይዘላሉ፤ ያልታየ ሰው ካለ «ዛሬ የት ጠፋ?» ይባላል። የታመመ ሰው ሕመሙ የሚታወቀው በዚህ ሰዓት ነው። ይህ ልማድ ከሙቀቱ የተወለደ ነው፤ ከሙቀቱ የተወለደ መሆኑ ግን ክብሩን አይቀንሰውም። በአዲሶቹ ሰፈሮች ያው ሙቀት አለ። ግን አጥሩ ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ በሩ የቆርቆሮ ወይም የላሜራ ነው፣ ምንጣፉም ከተነጠፈ የሚነጠፈው በግቢ ውስጥ ነው። ጥላ የሚሰጥ ግድግዳ ወደ ውስጥ ዞሯል። እዚህ ላይ ክፋት የሠራ ማንም የለም፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለራሱ ደኅንነት ያደረገው ትክክለኛ ነገር ተደምሮ ማንም ያላሰበውን ውጤት አመጣ፣ እርሱም ያልታየን ሰው የሚጠይቅ የሚጠፋበት ሰፈር ነው።

ሞት ሲመጣ ይህ ጉድለት ይገለጣል። በእስልምና ሬሳን ማጠብ፣ መከፈን፣ መስገድና መቅበር ፈርደል ኪፋያ ነው፤ ጥቂቶች ቢፈጽሙት ሌላው ነጻ ይሆናል፣ ማንም ካልፈጸመው ሁሉም ይጠየቃል። ግዴታው የተሰጠው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለሰፈሩ ነው፤ ሰፈር መኖሩን አስቀድሞ የሚገምት ግዴታ ነው። ቀብሩም ሳይዘገይ መፈጸም ስላለበት፣ በዕለተ ሥራ ረፋድ ላይ በማደሪያ ሰፈር አንድ ሰው ቢያርፍ የሚጠራው ጎረቤት ፋብሪካ፣ ቢሮ ወይም ቀፊራ ገበያ ነው። ሸክሙ በአዛውንቶችና ቤት በዋሉ ሴቶች ላይ ይወድቃል። በክርስቲያኑም ወገን ብዙም አይለይም። ወደ አዲስ ሰፈር የሄደ ቤተሰብ የእድር መዋጮውን በቀድሞ ሰፈሩ መክፈሉን አይተውም፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱና ብርጭቆው ያለው እዚያ ነው፣ የሚያለቅሱለትም እዚያ ናቸው። የንስሐ አባቱም የድሮው አጥቢያ ካህን ናቸው። አዲሱ ሰፈር ላይ መቃኞ ተሠርቶ፣ ሰበካ ጉባኤ ተቋቁሞ፣ ሰው ወደዚያ እስኪዞር ዓመታት ያልፋሉ። እስከዚያ ድረስ አንድ ሰው አካሉ በአንድ ቦታ፣ ጉርብትናው በሌላ ቦታ ይኖራል።

ይህ ሁለት ቦታ መኖር እንደ መንፈሳዊ ድካም ብቻ ሊታይ አይገባም። ሰው የድሮ እድሩን አለመልቀቁ ታማኝነት ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው የአዲሱ ሰፈር ቅያስ ለቤት ብቻ ቦታ ሰጥቶ ለመቃብር፣ ለእድር ዕቃ ማስቀመጫ፣ ለመሰብሰቢያ ጥላ ሳይሰጥ ሲቀር ነው። ግዴታ የሚፈጸምበት ቦታ ያስፈልገዋል። ቦታ የሌለው ግዴታ በነዋሪው ሕሊና ላይ ብቻ ይቀራል፣ ነዋሪውም በሕሊናው ሲከሰስ ይኖራል።

ከሁሉም ይልቅ ጉርብትና በድሬዳዋ የሚፈተነው በውሃ ነው። ከተማው የሚጠጣው በዋናነት ከከርሰ ምድር ነው፤ ከታወቁት ምንጮቹ አንዱ የሳቢያን የጉድጓድ መስክ ነው። በሳቢያን ላይ ቤት ሲበዛ ግን የመጸዳጃ ጉድጓዱም በዛ፤ ፍሳሹም ወደ ታች ሰረገ። በከተማው ከርሰ ምድር ውሃ ላይ የተደረጉ ጥናቶች የናይትሬት መጠኑ ከፍ ማለቱን አሳይተዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ናይትሬት አይታይም፣ አይሸትም፤ በማፍላትም አይወገድም፣ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይጠናል። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ጨቅላ ሕፃናትን ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል።

እዚህ ላይ ጎረቤት የሚለው ቃል ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም መታየት ይኖርበታል። የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚቆፍረው ሰው ከውሃ ጉድጓዱ የሚጠጣውን ሕፃን አያውቀውም፤ ሕፃኑ ሦስት ሰፈር ርቆ ሊሆን ይችላል። የእስልምና ሕግ ይህን ዓይነቱን ነገር አስቀድሞ አስቦበታል። የውሃ ጉድጓድ በዙሪያው «ሐሪም» የሚባል ክልል አለው፤ በዚያ ክልል ውስጥ ሌላ ሰው ጉድጓዱን የሚጎዳ ነገር እንዳይቆፍር ይከለከላል። ክልሉን በክንድ የለኩ ፈቂሆች ነበሩ፤ ዋናው መርህ ግን የመጎዳቱ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በአንቀጽ 1225 ባለሀብት ንብረቱን ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳይጎዳ፣ በጭስ፣ በመጥፎ ሽታና በድምፅ ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፍ ያዛል። ሁለቱም ሕጎች የተጻፉት ጉዳቱ በዓይን የሚታይ፣ ጎረቤቱም በአጥር ማዶ ያለ ሰው በሚሆንበት ዘመን ነው። የሳቢያን ውሃ ትርጉማቸውን ያሰፋዋል። አንድ ከርሰ ምድር የሚጠጡ ሁሉ፣ አርባ ቤት ቢራራቁም፣ ባይተዋወቁም፣ ጎረቤቶች ናቸው። የጉድጓድ መስክ ላይ ቤት እንዲሠራ መፍቀድ የቴክኒክ ስህተት ተብሎ ብቻ መታለፍ የለበትም፤ ሐቅን መድፈር ነው።

የደቻቱ ጎርፍም ያስተማረው ይህንኑ ነው። በሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም. ከላይ ከተራራው የወረደው ጎርፍ ደረቁን አሸዋ ሞልቶ ቤቶችን ጠራረገ፤ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ሺዎች ተፈናቀሉ። ዝናቡ የዘነበው ከከተማው ውጪ በደጋው ላይ ነበር፤ በቆላው የተኛው ሰው የደጋው ጎረቤት መሆኑን ያወቀው ውሃው በር ሲሰብር ነው። በማግሥቱ ግን ሟቾችን የፈለጉት፣ ቆሻሻውን የጠረጉት፣ ቤት ያጡትን ያስጠጉት ከከዚራም ከመጋላም የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ማን የየትኛው ሃይማኖት ተከታይ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። የሳምራዊው መስፈርት በዚያ ሳምንት በከተማው ውስጥ በእጅ ተሠርቷል።

የቀረው የቀድሞው ነዋሪ ጉዳይ ነው። ሜዳው ባዶ የሚመስለው ከከተማው ሆኖ ለሚያየው ነው፤ በመልካ ጀብዱ ዙሪያ ለሚኖሩት የኦሮሞና የሶማሌ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች ግን እርሻ፣ ግጦሽና የከብት መንገድ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም አይለወጥም፤ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ግን ይዞታ ሊወሰድ ይችላል። የሚወሰድበትን ሥርዓት የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከንብረትና ከገቢ ካሳ በተጨማሪ በመነሳት ምክንያት ለሚቋረጥ ማኅበራዊ ትስስርና ለሥነ ልቦና ጉዳት ካሳ እንዲከፈል ይደነግጋል። የመሬት ሕግ ጉርብትና መቋረጡን በራሱ ጉዳት ብሎ መቀበሉ ትልቅ ነገር ነው። ከሃይማኖቶቹ ጋር የሚያገናኘው ሐሳብም ይኸው ነው፤ አርባው ቤት የሰው ሀብት ነው፣ ሲነጠቅ ባለዕዳ አለው።

ጉርብትና ግን በገንዘብ ሊተካ አይችልም። የተነሱ ቤተሰቦች ምትክ ቦታ ሲሰጣቸው ቦታው በዕጣ ከተበተነ፣ አንዱ ዳር ሌላው ዳር ይወድቃል፤ ካሳውን ተቀብሎ እንኳ ሬሳ የሚያነሳለትን ሰው ከአዲስ መፈለግ አለበት። ቦታው ቀድሞ በነበረው ጉርብትና፣ በአንድ ወንዝ ዳር የነበሩት በአንድ ረድፍ እንዲሆኑ ተደርጎ ከተመደበ ግን እድሩም፣ የመስጊዱ ጀመዓም፣ የከብት እረኝነት ተራውም ሳይበተን ይሻገራል። ከከተማ የሚመጣው አዲስ ሰውም በባዶ ሜዳ ላይ አይሰፍርም፤ ያልታየን ሰው መጠየቅ የሚያውቅ ሰፈር ውስጥ ይገባል። መልካ ጀብዱ ገና ሙሉ በሙሉ ስላልተያዘች ይህን ለማድረግ ጊዜ አላት፤ የሚያስፈልገውም ምትክ ቦታ ከመደልደሉ በፊት የነዋሪዎቹን የእድርና የጀመዓ ዝርዝር ከአዛውንቶቻቸው ተቀብሎ የቦታ ድልድሉን በዚያ መሠረት መሥራት ነው።